ለአሳ ዓይን የተገዛ አረቄ

የአሳ ዓይን ውስጥ ያለችውን ሌንስ እስከ ዛሬ ድረስ እጠላታለሁ። አሳ ቀቅሎ የበላ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ከዓይኑ ወጥታ ጥርስ ላይ ቀጭ የምትለው ነጭ ጠጠር ናት። የሰው ሌንስ ጠፍጠፍ ብሎ ምስር ይመስላል። የአሳው ግን ድብልብል ናት፤ ውሃ ውስጥ ብርሃን የማጠፉ ሥራ በሙሉ በእሷ ላይ ስለወደቀ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ። ይሁን፣ ድብልብልነቷን ይቅር ልበላት። ድንጋይነቷን ግን ይቅር አልላትም። የአንድ ሁዳዴ ድካሜን ገደል የከተተችው እሷ ናት፤ ምንም እንኳ ብቻዋን ባትሆንም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ ብቻችንን የካ ሚካኤል አጠገብ እንኖር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። በየጠዋቱ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ቀበናን ተሻግሬ፣ ከተማ ወዳለ አንድ ኮሌጅ እሄዳለሁ። እዚያ ስለ እንስሳት አካል የሚያስተምሩ ሕንዳዊ መምህር ነበሩ፤ እኔ የእሳቸው የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ዕቃ አጥባለሁ፣ ለተማሪዎቹ እንቁራሪት አዘጋጃለሁ፣ ማይክሮስኮፕ እወለውላለሁ። ቅጥሬ ጊዜያዊ ነው። የመምህሩ ውል ሰኔ ላይ ሲያልቅ የእኔም ሥራ አብሮ ያልቃል።

ለእናቴ ግን ይህን አልነገርኳትም። ጸሐፊ ነኝ ብያት ነበር። መጀመሪያ ላይ ውሸት አልመሰለኝም፤ እስክሪብቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ ስወጣ ደስ ሲላት አይቼ ነው ያልኳት። “ልጄ ቢሮ ነው የሚሠራው” ትላለች ለጎረቤት። የእንቁራሪት ሆድ ስቀድ እንደምውል ብነግራት ምን ትለኝ ነበር? እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ውሸቱም ከእኔ ጋር አብሮ አደገ።

በዚያ ዓመት ቅበላ ሰሞን መምህሩ ጠሩኝና ከአገራቸው ያመጡትን አንድ ስላይድ፣ ናሙና የተጣበቀበት ስስ መስታወት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጡልኝ። ከፊት እስከ ኋላ በስሱ የተቆረጠ ሙሉ የአሳ ዓይን ነው። ከኋላ በኩል ብርሃኑ የሚያርፍበት ገበር አለ፤ ሬቲና ይሉታል። ስስ ይባል እንጂ አሥር ንብብር አለው። ከሁሉም ጀርባ ጥቁር ቀለም ያዘለ ንጣፍ፤ እሱ ላይ እንደ ቀጫጭን ዘንግ የቆሙ ለጨለማ የተሠሩ ሴሎች፤ በመካከላቸው ደግሞ ወፈር ወፈር ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ለቀንና ለቀለም የተሠሩ። ሌላ ስላይድ ጨመሩልኝ። እሱ ላይ ሾጣጣዎቹ ከአናታቸው ሲታዩ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት ማዕዘን ሠርተዋል፣ በየመሀሉ አንዲት ነጠላ አለች። የስፌት ጥለት መሰለኝ። ጭቃ ለጭቃ የሚንከላወስ አሳ ይህን ዓይኑ ውስጥ ይዞ ይዞራል ብዬ ተገረምኩ፤ ወዲያው ደግሞ ስላይዱን በሠሩት በመምህሩ እጅ ቀናሁ።

“እጅህ ጥሩ ነው” አሉኝ መምህሩ፤ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር። “ሬቲናውን ብቻ ከሆነ ግን ማንም ይቆርጠዋል። ዓይኑን ከነሌንሱ፣ ሳይቀደድ ቆርጠህ አሳየኝ። ከቻልክ ለአንድ ዓመት ሥልጠና ወደ ውጭ የሚወስድህን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። የሚላከው ከፋሲካችሁ በፊት ነው።”

ደብዳቤው ካለ እሄዳለሁ፤ ከሌለ ሰኔ ላይ ሥራ ፈት ነኝ። ነገሩ ይኸው ነበር።

አሳው ከዝዋይ ነው የሚመጣው፣ በጾም ብቻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በጭነት መኪና። ፋሲካ ከገባ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሥጋ ስለሚያዞር መኪናውም አይመጣም። ሹፌሩን ለምኜ ገና መተንፈሻ ስንጥቡ የሚንቀሳቀስ ቆሮሶ የሚባል አሳ ሁለት ሁለት እያስቀረሁ፣ ዓይኑን እዚያው አውጥቼ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ እከተው ነበር። አሳ ከሞተ ጥቂት ቆይቶ ሬቲናው መላላጥ ይጀምራልና ጊዜ አይሰጥም። ከፎርማሊኑ በኋላ ያለው ሥራ ማድረቅ ነው። በዓይኑ ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ በአልኮል ይወጣል፤ ከደካማው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ ብርቱው። ከዚያ ዛይሊን የሚባል እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻም የቀለጠ ሰም ይጠጣል። ሰሙ ሲረጋ ዓይኑ ከነሰሙ ማይክሮቶም በሚባለው መቁረጫ ይላጣል፣ ከሲጋራ ወረቀት በቀጠነ ልክ። ሰምና ውሃ ግን ጠበኞች ናቸው። ትንሽ ውሃ ከቀረ ሰሙ አይገባም፤ ሰም ያልገባበት ደግሞ ምላጩ ሲነካው ይፈረካከሳል።

ችግሩ አልኮል የለንም። የታዘዘው በርሜል ጅቡቲ ደርሶ ቀርቷል ይባላል። መምህሩ ያለቻቸውን አንዲት ጠርሙስ ለተማሪዎቹ ፈተና ብለው ቆልፈውባታል። ደጋግሜ ስጨቀጭቃቸው “አገርህ አልኮል ማውጣት ያውቃል” አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም።

ከቤታችን በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባህር ዛፉ መሀል አረቄ የሚያወጡ ሴት ነበሩ። የተወለዱትም ያደጉትም እዚያው ነው፤ አማርኛውን ከኛ እኩል ይናገራሉ፣ ሲናደዱ ግን በኦሮምኛ ነው። የእሳቸው ዳግም አረቄ እስከ ጉለሌ ድረስ ስም ነበረው። ሄጄ ከዳግምም በላይ፣ ሦስት አራት ጊዜ የወጣ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

“ለማን ነው ልጄ?” አሉኝ።

“ለሥራ ነው እትዬ።”

“ሁሉም ለሥራ ነው የሚለኝ” አሉና መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት ጫሩበት። ሰማያዊ ነበልባል ተነሥቶ ጠፋ፤ መዳፋቸው ላይ እርጥበት እንኳ አልቀረም። “አየህ? ውሃ ያለበት እንዲህ አይነድም።”

ኮሌጁ ወስጄ በመምህሩ መለኪያ ለካሁት፤ መምህሩ ራሳቸው ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። የቀረችውን ውሃ ለመምጠጥ አዲስ የተቃጠለ ኖራ ጨምሬ አሳድሬ አጠለልኩት። መለኪያውን ግን ስመልስ ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ሊያመልጠኝ ስለነበር መምህሩ ሁለተኛ አልሰጡኝም። እኔም የእትዬን አረቄ መልሼ ልለካው አላሰብኩም።

የመጀመሪያው ዓይን የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው። ድፍኑን ከተትኩት፤ የዓይን ቆዳ እንደ ኳስ ጎማ ነው፣ ምንም አያስገባም። መምህሩ ጎንና ጎኑን በምላጭ ቆረጥ አድርጌ መስኮት እንድከፍትለት አሳዩኝ። “ሌላም ነገር አለ” አሉ። “ብርቱው አልኮል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆየው። ሌንሷ ድንጋይ ትሆንብሃለች።” እሺ አልኩ፣ ጻፍኩትም።

በሁለተኛው ዓይን መስኮት ከፈትኩ፣ ሰዓቱን ጠበቅኩ፣ ዛይሊን ውስጥ ከተትኩት። ዛይሊኑ ወተት ሆነ። ውሃ አለበት ማለት ነው። እንደገና ወደ አልኮሉ መለስኩት፣ እንደገና ዛይሊን፤ እንደገና ወተት። ሦስተኛውም ወተት። አራተኛውም ወተት። ኖራው ጠርሙሱ ውስጥ አብጦ ሊጥ ሲሆን ኖራ ሻጩን ሰደብኩ። ብርጭቆዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ አጥቤ በእሳት አደረቅኩ። የበልጉ ዝናብ አየሩን አርጥቦታል ብዬ መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩ፤ በዛይሊኑ ሽታ ራሴን አዞረኝ። አንድ ጊዜ ብርጭቆውን ግድግዳ ላይ ልወረውረው እጄን አንሥቼ ተማሪ ስለገባ ብቻ አስቀመጥኩት። ያላማኋት ጠርሙሷን ብቻ ነው። እትዬ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ መዳፋቸው ላይ አቃጥለው አላሳዩኝም፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩም። ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ትቼላቸው አሳ ፍለጋ እወርዳለሁ፣ ስመለስ የተሞላውን እቀበላለሁ፤ ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም ነበር።

ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ አለ። ፎርማሊን ዓይኔን አቅልቶታል፣ ያስለኛል፣ ልብሴ የሚሸተውን እኔ ለምጄው አላውቀውም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጠበል በጣሳ ታቀርብልኛለች። እጠጣለሁ፤ ለሳሌ ነው ብዬ። ራት ላይ በድንገት “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ትላለች።

“ሳል ነው እማዬ፣ ይተወኛል” እላታለሁ።

“ይተውሃል፤ አንተ ከተውከው” ትላለች።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ጡረታ የወጡ የሠፈራችን ሽማግሌ ክንዴን ይዘው “አይዞህ፣ እኔንም ስንት ዓመት ይዞኝ ነበር” አሉኝ። እሳቸውም ሳላቸው መስሎኝ አመሰገንኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባዳነቱ እስከዚህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ የመጨረሻው መኪና መጣ። ያገኘሁት አንድ አሳ ብቻ ስለሆነ ሁለት ዓይን ነበረኝ፤ ደብዳቤው ሊሄድ የቀረው ጸሎተ ሐሙስ ድረስ ነው። ለቅዳሜው ሥራ ያስተረፍኳትን የአረቄ ጠብታ ዛይሊን ላይ እንዲሁ፣ ያለ ዓይን ያለ ምንም፣ ጠብ አደረግኩ። ወተት ሆነ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን ለማድረግ ያላሰበ ጭንቅላት ምን ሊባል ይችላል። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ከከተማ እስከ እንጦጦ ዳገት በእግሬ ወጣሁ።

“እትዬ፣ አረቄዎ ውሃ ነው” አልኳቸው፤ ሰላምታም አላቀደምኩ።

መጀመሪያ ብርጭቆውን ተቀብለው አሸተቱ። ቀጥሎ በኦሮምኛ የማልደግመውን ተናገሩ። ከዚያ በአማርኛ፣ “የእኔ አረቄ? ውሃ? ሠላሳ ዓመት ያወጣሁት አረቄ ውሃ ተብሎ አያውቅም። ይህን ኃጢአት በእናት ዕንባ ብዬ ነው የተሸከምኩት፣ ስሜን ግን አልሸከምም። ሂድና እናትህን ጠይቃት። ሲሶውን ደፍተሽ በጠበል ሙይልኝ ያለችኝ እሷ ናት። ጠበሉን ራሷ ነው ተሸክማ የምታመጣው፤ ጠበል አልቀበልም ልበል?”

እናቴን ከቅዳሴ ስትመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘኋት። ሰው ይስማኝ አይስማኝ ግድ አልነበረኝም።

“አረቄዬ ላይ ምን ጨመርሽ?”

አልካደችም። “የሚካኤልን ጠበል” አለች። “እንዲያስጠላህ ብዬ። በየቅዳሜው ጠርሙስ ይዘህ ዳገት ትወጣለህ፣ ያውም በሁዳዴ። ስትመጣ ዓይንህ ደም ለብሷል። ምን ላድርግ?”

“አንድም ቀን አልጠጣሁትም።”

“ታዲያ ማን ጠጣው?”

“አሳ” አልኩ። ንዴቱ አፌን አስሮት ነበር። “የአሳ ዓይን ነው የሚጠጣው።”

እናቴ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አረቄው ጭንቅላቴ ላይ ወጣ ብላ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጸሐፊ አለመሆኔን፣ እንቁራሪቱን፣ ሕንዳዊውን፣ ደብዳቤውን። ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“ሁለት ዓመት ዋሽተኸኛል” አለችኝ። “አሁን የትኛውን ልመን?”

ተነሥታ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች።

እትዬ በሕማማት እሳት አያነዱም። ስለዚህ ያን ቅዳሜ እስኪመሽ ሲያነዱ ዋሉ፣ ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ራሳቸው ይዘው በራችን መጡ። እናቴ ፊት መዳፋቸው ላይ አቀጣጥለው አሳዩን። “ስንት ጊዜ እንዳወጣሁት አትጠይቀኝ” አሉ፣ ለእናቴም ሳይሰናበቷት ዳገቱን ተመለሱ።

አንደኛውን ዓይን በዚያው ቀን ሞከርኩት፣ መስኮቱን ስከፍት ምላጩ አምልጦኝ ቀደድኩት። አንድ ቀረ። ማክሰኞ ደረጃ በደረጃ እያለፍኩ እስከ ብርቱው አልኮል አደረስኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ሞላ። ላወጣው መቆንጠጫውን አነሣሁ። ያ ወተት ትዝ አለኝ። ትንሽ ይቆይ አልኩ። ሁለት ሰዓት ሞላ፣ አሁንም ትንሽ ይቆይ አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ፤ ከውሃ ፍራቻ የተነሣ ዓይኑን እዚያው አሳድሬው ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ዛይሊን ውስጥ ከተትኩት። እንደጠራ ቀረ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ለብዙ ጊዜ አየሁት፤ በዚያ ሁዳዴ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መምህሩ ከጎኔ ቆመው ቆረጥኩ። ሰሙ እንደ ጥብጣብ እየተያያዘ ይወጣል፣ ሬቲናው ሳይሸበሸብ ይወጣል። ከዚያ ምላጩ ሌንሷን ነካ። ድምፁን መምህሩም ሰምተውታል። ሌንሷ ከቦታዋ ተፈንቅላ ስትወጣ የዓይኑን ፊት በሙሉ ይዛው ሄደች፣ የምላጩንም ስለት ሸረፈችው። ሌላ ምላጭ ቀየርኩ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ከሰሙ መሀል የቀረው ክብ ቀዳዳ ነው።

መምህሩ የተረፈውን ቀለም ነክረው ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡና ንብብሩን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። “ሬቲናው ከእኔው ይበልጣል” አሉ። ቀጥለው፣ “ብርቱው አልኮል ውስጥ ስንት ሰዓት አቆየኸው?”

“አሳደርኩት።”

“አንድ ሰዓት ብዬህ ነበር።”

“ውሃ ፈርቼ ነው።”

ስለ ጠበሉ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በእንግሊዝኛ ከየት እንደምጀምረው አላወቅኩም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብዳቤውን አልጻፉም፤ እንደ ቃላቸው የሚያድሩ ሰው ነበሩ። ሰኔ ሲገባ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔም የቤተ ሙከራውን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ ተቀመጥኩ።

ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት በዚያው ሳምንት እናቴ ከሳጥኗ አዲስ የቤተ ክርስቲያን ጥላ አወጣች። ዙሪያው ዘርፍ ያለው፣ ቀይ ከፈይ ነው።

“ይህ ምንድን ነው?” አልኳት።

“ስለት ነው። ለሰኔ ሚካኤል አስገባዋለሁ። ልጄ አረቄውን ከተወ ብዬ ተስዬ ነበር።”

“እማዬ፣ ጠጥቼ አላውቅም እኮ። ነግሬሻለሁ።”

“አሁን ጠርሙስ ይዘህ ዳገት ትወጣለህ?”

“አልወጣም።”

“እንግዲያው” አለችና ጥላውን በነጠላ መጠቅለል ጀመረች። “አንተው ነህ የምትሸከመው።”

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን እያካፋ ነበር። የየካ ሰው በሙሉ ወጥቷል። ጥላውን ተሸክሜ ከእናቴ ጎን ቆምኩ፤ ስለቱን የሚያሰሙት ቄስ የሌሎቹን ጨርሰው ወደ እኛ ደረሱ። “ይህች እናት ልጇን ከአረቄ ስላላቀቀላት ለቅዱስ ሚካኤል ያስገባችው ነው” አሉ፣ ዳር ያለውም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እልልታው ቀለጠ። ክንዴን የያዙኝ ሽማግሌ ወደ ሰማይ አንጋጠው ያጨበጭባሉ። እትዬም እዚያው ነበሩ፤ አረቄው የት እንደገባ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ ከማንም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እልል ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ደሜ ፈላ። ውሸት ነው፣ አንድ ጉንጭ አልጠጣሁም፣ የቀረሁት ከሥልጠና ነው፣ ልል አፌ ላይ ደረሰ። ግን ማን ይሰማኛል? እናቴን አየኋት። ጸሐፊ ነኝ ስላት እንዲያ አልበራችም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እሷ በየቀኑ ሚካኤል ደጅ ስትለምን፣ እኔ የምፈልገውን ለአንድ ሰው እንኳ አልነገርኩም። ታዲያ የተሰጠው ለለመነው ነው። ጥላውን ለዲያቆኑ አስረከብኩና በንዴት ጥርሴን ነክሼ ከሕዝቡ ጋር አጨበጨብኩ።